ክሩዙ የሚለቅበት ዳገት

ቫኗ ዳገቱን ተያይዛ መሃል ላይ ስትደርስ ድንገት ዛለች። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ትበራ የነበረችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ድርግም አለች።

“አሁንም ለቀቀ?” አሉ ከሾፌሯ ጎን የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር።

“ለቀቀ።”

የለቀቀው ክሩዙ ነው፤ ፍጥነቱን አንዴ ከሞሉለት በኋላ እግር ነዳጅ ሳይረግጥ መኪናዋን በዚያው ፍጥነት ይዞ የሚሄደው መሣሪያ። ሾፌሯ ቀኝ እግሯን ከፔዳሉ ወዲያ ዘርግታ አሳርፋው ነበር። አሁን ልትመልሰው ፈለገች፤ ጉልበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ግትር አለ። መኪናዋ እየቀዘቀዘች ሄደች። ከኋላ ሲሚንቶ የጫነ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው፤ በመስታወቱ ውስጥ ግንባሩ ብቻ ነበር የሚታየው። ሾፌሯ አንድ እጇን ከመሪው አንስታ ሱሪዋን ጉልበቷ ላይ ጨበጠች፤ እግሯን እንደ ዕቃ ብድግ አድርጋ ነዳጁ ላይ አስቀመጠችው። የጭነት መኪናው ለጥቂት ስቷቸው በጎን ተወርውሮ አለፈ። ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ስድብ መሆኑን ለማወቅ መስማት አያስፈልግም ነበር።

ከኋላ ወንበር ጋደም ብላ የነበረችው ልብስ ሰፊ ብድግ አለች። “ደረስን እንዴ?”

“ገና ነው የኔ እህት፣ ተኚ።”

“ምንድን ነው የጮኸው?”

“አንዱ ቸኩሎ ነው።”

ልብስ ሰፊዋ መልሳ ተኛች። ኩላሊቷን ታጥባ የተመለሰች ቀን ሰማይ ቢደረመስ ግድ የላትም። መምህሩ ግን አልተኙም። ዓይናቸው ሾፌሯ ጉልበት ላይ ነበር፤ ስታያቸው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

ሁለቱን ታካሚዎች ጠዋት ቁልቁል ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወስዳ ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ወደ ትንሿ ከተማቸው መመለስ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። “ካፒቴን” ብለው የሰየሟት እነሱ ናቸው። ባሏ ካረፈ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የምትነሣበት ምክንያት ያጣችበት ጊዜ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ይሄን ሥራ የያዘችው። አሁን በጉዞ ቀን ከማንቂያ ደወሉ ቀድማ ትነቃለች። ልብስ ሰፊዋ ስታስመልስ የቱ ጋ መቆም እንደሚሻል፣ መምህሩ ሲበርዳቸው የትኛውን መስኮት መዝጋት እንዳለባት ታውቃለች። መንገዱን ዓይኗን ጨፍና ትነዳዋለች ይሏታል። ጉልበቷ መበላሸት የጀመረ ጊዜ ያዳናት ክሩዙ ነበር። እሱ ካለ እግር ዕረፍት አለው። እሱ ከሌለ ግን የዚያ ሁሉ መንገድ ሸክም አንድ ጉልበት ላይ ነው።

መምህሩ ቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ በሩን ይዘው ቆሙ።

“ካፒቴን፣ ልጅሽ መካኒክ አይደለች እንዴ?”

“ናት እንጂ።”

“ታዲያ መኪናዋን በየሰዉ ጋራዥ ምን ያንከራትታታል?”

“ሥራ ይበዛባታል ብዬ ነው መምህር።”

“የእናት ነገር በሥራ አይሳበብም። ከነገ ወዲያ መንገድ አለን። ዛሬውኑ ውሰጃት።” ሊሄዱ ዞሩና ተመለሱ። “የሚቀጥለው ጭነት መኪና እንደዛሬው ጨዋ ላይሆን ይችላል።”

“ጨዋ? ሲሳደብ አላዩትም?”

“ተሳደበ እንጂ አልገጨንም።”

*

የልጅቷ ጋራዥ ከገበያው ጀርባ፣ ከመለዋወጫ ሱቁ ፊት ለፊት ነው። ሾፌሯ ስትገባ ከአንዲት ነጭ መኪና ሥር ሁለት ጫማ ብቻ ይታይ ነበር።

“ማነው?” አለ ጫማው።

“እኔ ነኝ።”

ከመኪናው ሥር ብረት ወደቀ። ልጅቷ ባለጎማ ጣውላዋ ላይ እንደተንጋለለች ተንሸራትታ ወጣች። ጉንጯ ላይ ግራሶ አለ።

“እማዬ? ምን ሆንሽ?”

“እኔ ምን እሆናለሁ። መኪናዋ ናት።”

“የኛ መኪና? እኔ ጋ?” ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። “ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው?”

“አትቀልጂ።”

“አልቀለድኩም። ሁለት ጋራዥ ዞራ እንደነበር ሰምቻለሁ።”

“ማን ነገረሽ?”

“መካኒክ ቡሎን ያጠብቃል እንጂ ወሬ አይቋጥርም። ማን ያልነገረኝ አለ?”

ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ፈገግታው ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም። ጋራዡን የከፈተች ቀን እናቷ ወንበሩን ሁሉ ጠርጋ፣ የመጣውን ሰው ሁሉ አስተናግዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መኪናዋን አንድ ቀን አምጥታ አታውቅም። ልጅቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ተነሣችና የቫኗን ኮፈን ነካ ነካ አደረገችው፣ እንደ ዘመድ።

“ምን ሠሩልሽ?”

“የመጀመሪያው መሪው ላይ ያለውን ማብሪያ ቀየረ። ሁለተኛው ፍሬኑ ሥር ያለችውን ነገር።”

“የፍሬን ስዊቹን። ጥሩ አድርገዋል፤ እኔም ብሆን ከሱ ነበር የምጀምረው። ክሩዝ በሆነ ባልሆነው ከለቀቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። መቼ መቼ ነው የሚለቀው?”

“ሲፈልግ።”

“እማዬ፣ መኪና አይፈልግም።”

“ይቺኛዋ ትፈልጋለች።”

ልጅቷ ሳቀች፤ አሁን ከልቧ። “እሺ፣ የምትፈልገው ጠዋት ነው ከሰዓት?”

“ከሰዓት። ስንሄድ ቁልቁለት ነው፣ ምንም አትል። ስንመለስ ከተማው ሊታየን ሲል ያለው ዳገት ላይ ነው የምታበሽቀኝ።”

“ስትሞቅና ጭነት ሲበዛባት ማለት ነው። ማርሽ ስትቀይርስ?”

ሾፌሯ አሰበች። “አንዳንዴ ከኋላ እንደ መገፍተር ታደርገኛለች። የፍጥነት መለኪያውም ዘለል ይላል፣ ወዲያው ይመለሳል።”

“እሱን ነገርሻቸው?”

“አልጠየቁኝማ።”

ልጅቷ መመርመሪያውን አመጣች። መጠኑ ትምህርት ቤት ልጆች የሚይዙትን ጥቁር ሰሌዳ ያክላል፤ ሽቦውን ከመሪው ሥር ሰካችውና ስክሪኑን አነበበች። ምንም ጥፋት አልተመዘገበም።

“እንግዲህ የምዋሸው እኔ ነኛ” አለች እናት።

“አይደለሽም። ቶሎ ጠፍቶ ቶሎ የሚመለስ ጥፋት ሁልጊዜ አይመዘገብም። እየሄደች ማየት አለብኝ። ዳገቱ ድረስ ንጂልኝ፤ እኔ አጠገብሽ ሆኜ አነባለሁ።”

“አንቺው ውሰጃት፣ እኔ እዚህ ልጠብቅሽ።”

“እየነዳሁ ስክሪን ላይ ላፍጥጥ? ከዚያ እኛን ማን ይጠግነን?”

ሾፌሯ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች።

*

ልጅቷ መመርመሪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ከፈተች። አንዱ ከጎማዎቹ፣ ሌላው ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ ላይ ከተሰካው ሴንሰር የሚመጣ እንደሆነ ለእናቷ አስረዳቻት። “ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ፍጥነታችን። መስማማት አለባቸው።”

ተስማምተው ሄዱ። ከከተማው ወጥተው ወርደው፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ዞረው፣ መኪናዋ በደንብ እስክትሞቅ ተመላለሱ። ሾፌሯ ሜዳው ላይ ክሩዙን ሞላችና እግሯን ዘረጋች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ታነባለች። ዳገቱ ጀመረ። ካምቢዮው ማርሽ ቀንሶ ገፈተራቸው።

“ያው!” ልጅቷ ጮኸች። “ጎማዎቹ ሰማንያ ይላሉ፣ ካምቢዮው ዜሮ! ቆመናል እያለ እኮ ነው!”

“መች ቆምን?”

“እኮ! አሁን ደግሞ ተመለሰ። ዓይን እስኪርገበገብ ነው የጠፋው። ክሩዙ ምን ያድርግ፣ አንዱ ሰማንያ ሲለው አንዱ ቆመሃል ሲለው ለቀቀዋ! ክሩዙ ምንም አልሆነም እማዬ፣ የሚነግሩት ነገር ነው የ…”

ቀና አለች። እናቷ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ፣ በሌላው ሱሪዋን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ እግሯን ወደ ነዳጁ እያነሣች ነበር። ከንፈሯን ነክሳለች።

ልጅቷ አየች። እናትየውም ማየቷን አየች። ዳገቱን ጨርሰው፣ ዞረው ጋራዡ ደጃፍ ቆሙ።

*

መኪናዋ በክሪክ ተነሣች፤ ልጅቷ ድጋፍ አስገብታ ሥሯ ገባች። ሾፌሯ ከአሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጣ የመሣሪያውን ድምፅ ታዳምጣለች። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጥቁር ነገር የያዘ እጅ ከሥር ብቅ አለ።

“ይኸውልሽ። ሲያሰቃይሽ የከረመው።”

አውራ ጣት አትሞላም። ጫፏ ላይ እንደ ጥቁር ሊጥ የለሰለሰ የብረት ብናኝ ተለጥፎባታል፤ ወገቧ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ሾፌሯ መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየቻት።

“ይቺ ናት?”

“እሷ ናት፣ የካምቢዮው ሴንሰር። ጫፏ ማግኔት ነው፣ ካምቢዮ ሲያረጅ የሚበነውን ብረት ትስባለች። እሱ አያስፈራም፣ ዘይቱን እቀይረዋለሁ። የገደላት ስንጥቁ ነው። ስትሞቅ ይከፈትና ዘይቱ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል፣ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ቀዝቀዝ ስትል ደግሞ ጤነኛ ትመስላለች።”

ማዶ ያለው ሱቅ አዲሷን አላጣም። ልጅቷ ተሻግራ ይዛ መጣችና መልሳ መኪናዋ ሥር ገባች። ቁልፏ ሁለት ሦስቴ ከዞረ በኋላ ድምፁ ቆመ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች ከሥር።

“ምኑ?”

“እማዬ።”

ሾፌሯ መነጽሯን አውልቃ በቀሚስ ጫፍ ልትጠርገው አለች፤ የለበሰችው ግን ሱሪ ነበር። እጇ ላይ ይዛው ቀረች። “ከክረምት በፊት” አለች በመጨረሻ። “ያኔ እንዲህ አልነበረም።”

“ለዚህ ነው እኔ ጋ ያላመጣሻት?”

እናት መነጽሯን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

“እኔ ደግሞ ሥራዬን ንቀሽው መስሎኝ…” ድምፁ ተቋረጠ። መኪናዋ ሥር ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ሳይቀል አልቀረም። “ሌላ ሰው ጋ ስትወስጃት፣ እናቷ እንኳን አታምናትም ይሉኛል ብዬ ስንት ቀን እንደተብሰለሰልኩ ታውቂያለሽ?”

ሾፌሯ ከወንበሩ ልትነሣ ሞከረች፤ ጉልበቷ አስቀመጣት። “አንቺን ልንቅ? መምህሩን ጠይቂያቸው፣ ልጄ መኪና ሲያስነጥስ ገና ሕመሙን ታውቃለች እያልኩ ጆሯቸውን አደንቁሬዋለሁ። አጠገቤ ከተቀመጥሽ ታይብኛለሽ ብዬ ነው እንጂ።”

“ባይስ?”

“መንዳት ተዪ ትዪኛለሽ። እነሱን ማን ይወስዳቸዋል? እኔስ? ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳው ላይ ላፍጥጥ?”

ልጅቷ ወጣች። ግራሶው አሁን ግንባሯም ላይ ደርሷል። እናቷ ፊት ቁጢጥ ብላ የቀኝ ጉልበቷን፣ ቅድም ኮፈኑን እንደነካችው ቀስ ብላ ነካችው። አብጧል። ሙቀቱ በሱሪው ያልፋል።

“ክሩዙን ሠርቼልሻለሁ” አለች። “ከእንግዲህ የሚለቅ አይመስለኝም። ግን እማዬ፣ ክሩዝ ፍሬን አይረግጥልሽም።”

“አውቃለሁ።”

“ልጅ ዘሎ መንገድ ቢገባ…”

“አውቃለሁ አልኩሽ።”

ማዶ የመለዋወጫው ሱቅ ሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል፤ አንዱ አገባ መሰል ሰዉ ጮኸ። ሾፌሯ የጭነት መኪናውን ግንባር በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ ተኝታ የነበረችውን ልብስ ሰፊም። ከቀትር ጀምሮ ክሩዙን ስትረግም ነበር የዋለችው። አሁን የምትረግመው ጠፋት።

“ነይ” አለች ልጇን፣ ቁልፉን ዘርግታላት። “እንሞክራት። አንቺ ንጂ። ማንበቡን እኔም አያቅተኝም።”

*

ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ሾፌሯ በሌላኛው ወንበር ተቀምጣ መመርመሪያውን ከዓይኗ አርቃ ያዘችው። ከዚህ ወንበር መንገዱ ሌላ ነው፤ ከሸለቆው ማዶ ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው ቀይ መሆኑን እስከዛሬ ልብ ብላ አታውቅም።

“ሞላሁት” አለች ልጅቷ። “አንብቢ።”

“ሰማንያ፣ ሰማንያ።”

ዳገቱ መጣ። ካምቢዮው ማርሽ ቀነሰ፤ አልገፈተራቸውም።

“ሰማንያ፣ ሰማንያ። ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ፣ ሰማንያ።” ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። “አለ! መብራቷም አለች! ሰማንያ፣ ሰማንያ!”

“ሎተሪ የወጣልሽ አስመሰልሽው እኮ።”

“ዝም በይና ንጂ! ሰማንያ፣ ሰማንያ!”

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ይስቁ ነበር። ልጅቷ መኪናዋን ዳር አስይዛ ልታዞር ስትል ደግመው ይሞክሩት እንደሆን ጠየቀች። እናት “እንድገመው” አለች። በሦስተኛውም አልለቀቀም። ሾፌሯ ልጇን በጎን ታያት ነበር፤ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ነው የምትይዘው፣ ልክ እንደ አባቷ፤ ጉድጓዱን ከሩቅ አይታ ሳትቸኩል ትሸሸዋለች። መንዳቷ ደህና ነው። ኋላ የተኛ ሰው አይነቃም።

“ከነገ ወዲያ ጠዋት ሥራ አለሽ?” አለቻት።

“የነጯ መኪና ባለቤት ይመጣል። ለምን?”

“በማግስቱ ይምጣ በይው።”

ልጅቷ መኪናዋን ዳር አስያዘችና ስልኳን አውጥታ ለሰውየው ደወለች።

*

በጉዞው ቀን መምህሩ የፊቱን በር ከፍተው ካፒቴኗ ወንበራቸው ላይ ተቀምጣ ሲያገኟት እጃቸው በሩ ላይ ቀረ።

“ወይ ጉድ! መፈንቅለ መንግሥት ነው?”

“ለጊዜው ነው መምህር። ዛሬ ከኋላ ይሁኑልኝ።”

“ከኋላ? እኔ መንገድ ካላየሁ ሆዴ ይታወካል።” እያጉረመረሙ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ገቡ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ወደፊት ዘንበል አሉና ልጅቷን አይተው፣ ከዚያ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብለው “ደግ አደረግሽ” አሏት በሹክሹክታ። ልብስ ሰፊዋ ቁልቁለቱን ሙሉ ስለ አዲሷ ሾፌር ቱታ አወራች፤ ወገቡ ላይ ጠበብ ቢደረግ እንዴት እንደሚያምርና እሷ በነፃ እንደምታስተካክለው።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ነርሶቹ ሁለቱን ታካሚዎች ተቀበሉ። ልጅቷ መኪናዋን ጥላ ሥር አቆመችና ሶኬቱ ዘይት አለማንጠባጠቡን ልታይ ከሥሯ ገባች። ሾፌሯ ሁልጊዜ ይሄን ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ወንበሯን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ ሬዲዮ ከፍታ ነበር የምታሳልፈው። የግቢው ዘበኛ፣ ማኪያቶ የምትሸጠው ልጅ፣ አምቡላንስ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቋታል። ከበሩ አልፋ ወደ ውስጥ ገብታ ግን የምታውቀው የታካሚዎቿን ክፍል ብቻ ነው።

ዛሬ ኮሪደሩን አልፋ ወደ ግራ ታጠፈች። አጥንት ክፍል የሚል ከተጻፈበት መስኮት ፊት ሰው ተሰልፏል። ግድግዳውን እየተደገፈች በተራዋ ቀረበች። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ካርድ ክፍል ሠራተኛ አወቀቻት መሰል ፈገግ አለች።

“ውይ፣ የኩላሊቶቹ ሾፌር አይደሉ? ዛሬ ደግሞ ለማን ነው ካርድ የሚያወጡት?”

ሾፌሯ አፏ ላይ የመጣላት የመምህሩ ስም ነበር፤ ለሳቸው ብላ ብትገባ ማንም ምንም አይላትም፣ ዞራ ወደ መኪናዋ መመለስም ትችላለች። ከኋላዋ ያለችው ሴት ሕፃን አቅፋ ትጠብቃለች።

“ለራሴ ነው” አለች። “ጉልበቴን ነው።” የተሰጣትን ቁጥር ተቀብላ፣ እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥበት ወንበር ፈለገች።